4 ክኒን፣ በሳምንት አንድ ቀን
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ፣ አምደወርቅ፣ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



በየዓመቱ በዚህ ሰዓት ከሂሳብ ክፍል የምትሰሙት የቁጠባና የብድር ሪፖርት ነው። ሪፖርቱ ተባዝቶ በእጃችሁ ስላለ ዛሬ ቁጥሩን አናነብላችሁም። የምንነግራችሁ በመዝገባችን ላይ በትክክል ስለተመዘገበ፣ ፊርማም ማኅተምም ስላለው፣ ኦዲተርም አይቶ ስላለፈው አንድ ብድር ነው። በወረቀቱ ላይ አንድም ስህተት የለበትም። ግን በዚያ ብድር ምክንያት እህታችንን ልናጣት ነበር።

ታሪኩን እንድንናገር የፈቀደችልን ራሷ ናት። «ስሜን ብቻ አትጥሩ» ብላናለች። የምታውቋት ታውቋታላችሁ፤ እባካችሁ ወደ ኋላ እየዞራችሁ አትፈልጓት።

እህታችን ከ3 ዓመት በላይ ጣቶቿና የእጅ አንጓዋ እያበጠ ተቸግራ ኖራለች። ጠዋት ስትነሳ እጇ እስከ ረፋድ ድረስ አይታጠፍላትም ነበር። የነጠላዋን ጫፍ መቋጠር አቃታት፤ ማጭድ መያዝ ቀረ፤ እንጀራውን ልጇ ትጋግርላት ጀመር። ቁርጥማት ነው ተባለ። በቅቤ ታሸች፣ ዋግምት ተደረገላት፣ ጠበልም ገባች። በመጨረሻ ከማኅበሩ ተበድራ ባሕር ዳር ድረስ ሄደች። እዚያ ሐኪሙ ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባል የመገጣጠሚያ ብግነት መሆኑን ነገራት። በሽታው ከብርድ የመጣ አይደለም፤ ከእርግማንም አይደለም። ሰውነታችንን ከተባይ የሚጠብቀው የመከላከያ ኃይል ወዳጅና ጠላት መለየት ተስኖት የራሱን መገጣጠሚያ ሲወጋ የሚመጣ ነው። ከተተወ አጥንቱን ይበላዋል፤ ጣት ይጠምማል፣ አይመለስም።

ለዚህ የተሰጣት መድኃኒት ሜቶትሬክሴት ይባላል። ስሙን ደጋግማችሁ በሉት፤ ከዛሬ ንግግራችን ሌላው ሁሉ ቢረሳችሁ ይህ ስምና «በሳምንት አንድ ቀን» የሚለው አይርሳችሁ።

መድኃኒቱ መነሻው የካንሰር ነው። በ1948 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ቦስተን ውስጥ ሲድኒ ፋርበር የተባለ ሐኪም የደም ካንሰር ለያዛቸው ሕፃናት የሜቶትሬክሴትን ታላቅ ወንድም፣ አሚኖፕተሪንን፣ ሰጥቶ ለጊዜውም ቢሆን እንዳሻላቸው ለዓለም አሳወቀ። ከዚያ ሜቶትሬክሴት መጣ። በትንሽ መጠን ከተሰጠ የመከላከያ ኃይሉን አርግቦ መገጣጠሚያን እንደሚያድን እየታወቀ ሄደና በ1988 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ለዚህ በሽታ እንዲሰጥ ፈቀደ። ዛሬ በዓለም ላይ ለሩማቶይድ አርትራይተስ በመጀመሪያ የሚታዘዘው እሱ ነው። ስለዚህ «የካንሰር መድኃኒት ሰጧት» ብላችሁ የምታስፈራሩ ሰዎች፣ እባካችሁ ተዉ። በዚህ ወሬ ፈርተው መድኃኒቱን የጣሉና እጃቸው የታጠፈ ሴቶች አሉ።

እንዴት እንደሚሠራ ግን ማወቅ ይገባናል። ስናረግዝ ጤና ጣቢያ የሚሰጡንን አይረን ፎሌት ሁላችንም እናውቀዋለን። በውስጡ ያለው ፎሌት አዲስ ሕዋስ ለመሥራት የሚያስፈልግ ነገር ነው፤ ለጽንስ የሚሰጠውም ለዚህ ነው። ሜቶትሬክሴት ይህንን የፎሌት ሥራ ይዘጋል። በፍጥነት የሚራቡ ሕዋሳት ፎሌት ሲያጡ ይዳከማሉ። የካንሰር ሕዋስ በፍጥነት ይራባል፤ የመከላከያ ኃይሉም እንዲሁ። ግን የአፋችን ውስጥ ሽፋን፣ አንጀታችን፣ የፀጉራችን ሥር፣ ከሁሉም በላይ ደም የሚሠራው የአጥንታችን መቅኔ እነሱም በፍጥነት ይራባሉ። መድኃኒቱ ይህን ከዚያ አይለይም። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚዋጠው ለዚህ ነው፤ በተቀሩት 6 ቀናት ሰውነት እንዲያገግም። አብሮ ፎሊክ አሲድ የሚታዘዘውም የተጎዳውን እንዲጠግን ነው።

አሁን ወደ ብድሩ እንመለስ።

ለእህታችን የታዘዘላት በሳምንት 10 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ባለ 2.5 ሚሊ ግራሙ ክኒን 4 ነበር። የ2 ወር፣ 32 ክኒን፣ ከአንድ መድኃኒት ቤት ገዛች። ክኒኖቹን ያስገቡባት ትንሽ የላስቲክ ከረጢት ላይ በእስክሪብቶ «4×1» ተጽፏል። እሷም 4 ክኒን በቀን አንድ ጊዜ ብላ ተረዳችው። ማን ይፈርድባታል? እስከዚያ ቀን በሕይወቷ የዋጠችው መድኃኒት ሁሉ በየቀኑ የሚዋጥ ነበር። «በሳምንት» የሚለው ቃል በሐኪሙ ወረቀት ላይ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ነበር፤ በአፍም ተነግሯት ይሆናል፤ በዚያ ግርግር መሀል አልሰማችውም።

በየቀኑ 4፣ በየቀኑ 4። በ8ኛው ቀን 32ቱ አለቀ።

በ9ኛው ቀን ወደ እኛ መጣች። «መድኃኒቴ አልቋል፣ ወደ ባሕር ዳር የሚወርድ ዘመድ አለ፣ ማስገዣ አበድሩኝ» አለች። እኛም በዚያው ቀን ፈቀድን። ፈጣን አገልግሎት ሰጠን ብለን ደስ ብሎን ነበር። የመጀመሪያው የብድር ማመልከቻ «ለሕክምናና ለ2 ወር መድኃኒት መግዣ» ይላል። ሁለተኛው «መድኃኒት ስላለቀ» ይላል። ሁለቱ በአንድ ገጽ ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ቀን ከሁለት ሳምንት አይበልጥም። ያንን ገጽ የጻፍነው እኛ፣ የፈረምነውም እኛ ነን። ብሩን ስንቆጥር ክኒኑን አልቆጠርንም። «የ2 ወሩ በዚህ ቀን እንዴት አለቀ?» ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው ከመካከላችን አልነበረም።

ከዚያ አፏ ቆሰለ። ምላሷ፣ ጉንጯ ውስጥ፣ ከንፈሯ። ጎረቤት ሁሉ ምች ነው አለ፤ እኛም አልን። ዳማ ከሴ ታሽቶ ተሰጣት፣ ታጠነች። ውሃ መዋጥ እስኪያቅታት ድረስ ሦስት ቀን በምች ስም ቆየች። በአራተኛው ቀን ትኩሳት መጣ፤ ይሄኔ ደግሞ ከተከዜ በረሃ የመጣ እንግዳ ቤታቸው ስለነበር ወባ ነው ተባለ። ማታ ነሰራት፤ ነስሩ አልቆም አለ። እግሯ ላይ ጥቃቅን ቀይ ነጠብጣብ ታየ። ሌሊቱን መኪና ተፈልጎ ወደ ሰቆጣ ተወሰደች።

እዚያ የተቀበላት ወጣት ጤና መኮንን «የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» ብሎ ጠየቀ። ልጇ ባዶዋን ከረጢት በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ይዛት ነበር። ከረጢቷን አየ፣ መቼ እንደተገዛ ጠየቀ፣ ቀኑን በጣቱ ቆጠረ። እኛ ያልሠራነውን ሂሳብ እሱ ቆሞ ሠራው። ደሟ ሲመረመር ነጩም ቀዩም የደም ሕዋስ፣ ደም የሚያረጋውም ፕሌትሌት የሚባለው ወርዶ ተገኘ። ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል ተላከች። ፎሊኒክ አሲድ የሚባል የሜቶትሬክሴት ማርከሻ ተሰጣት፤ ስሙ ከፎሊክ አሲድ ጋር ቢመሳሰልም ሌላ ነው። ደም ተሰጣት፣ በመርፌ ፀረ ተሕዋስያን ተሰጣት። ከ3 ሳምንት በላይ ተኝታ ወጣች። ዘመዷ መኪና አጥቶ ሁለተኛውን 32 ክኒን ይዞ የደረሰው እሷ ሆስፒታል ከገባች በኋላ ነው። መኪና አግኝቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ንግግር አናደርግም ነበር።

ይህ በእኛ ሀገር ብቻ የሚደርስ እንዳይመስላችሁ። የሳምንቱን በየቀኑ የመዋጥ ስህተት በአሜሪካም በእንግሊዝም በአውስትራሊያም ሰው ገድሏል። በእነዚያ አገሮች ማሸጊያው ላይ የሚዋጥበት ቀን በሙሉ ስሙ፣ «ሰኞ» ወይም «እሑድ» ተብሎ ይጻፍ የተባለው ከዚያ በኋላ ነው።

እህታችን ከወራት በኋላ ሐኪሟ ደሟን ደጋግሞ አይቶ መድኃኒቱን በ3 ክኒን እንደገና አስጀመራት፤ አሁን 4 ላይ ናት። ብዙዎቻችሁ ይህን ስትሰሙ «ያ ሊገድላት የነበረውን?» ብላችሁናል። አዎ፣ እሱኑ። ዘንድሮ መስከረም ላይ እንጀራ ጋግራ ለማኅበሩ ቡና ይዛ የመጣችው በእሱ ነው።

ሥርዓቱ ግን ተለውጧል። የምትውጥበት ቀን እሑድ ነው፤ የቁጠባ ስብሰባችን ቀን። ከቅዳሴ መልስ ተሰብስበን፣ ቁጠባ ሰብስበን፣ ቡናው ሲቀርብ ከምግብ ጋር በፊታችን ትውጣለች። የቁጠባ መዝገባችን ላይ በስሟ ትይዩ አንድ ዓምድ ጨምረናል፦ «ዋጠች፣ 4፣ ቀሪ ይህን ያህል»። ቀሪው ከመዝገቡ ጋር ካልተስማማ ያን ቀን ሳንበተን እንፈልገዋለን። ፎሊክ አሲዱን ለእሷ እንደታዘዘው ከእሑድ በቀር ትወስዳለች። ሁለቱም ክኒኖች ትንንሽና ቢጫ ናቸው፤ ስለዚህ ሜቶትሬክሴቱ ክዳኑ ላይ ቀይ ክር በታሰረበት ቆርቆሮ፣ ፎሊኩ በነጭ ላስቲክ ዕቃ ተቀምጧል። ቆርቆሮው ሕፃን በማይደርስበት ከፍ ብሎ ይሰቀላል፤ እርጉዝ ሴትም አትነካካውም።

በትክክል ሲወሰድም ቢሆን የጎንዮሽ ጉዳት አለው፤ ይህን አንደብቅም። እህታችን ሰኞ ሰኞ ያቅለሸልሻታል፣ ድካም ድካም ይላታል። ስለዚህ ሰኞ ውሃ ልጇ ትቀዳለች። ፀጉሯ ሳስቷል፤ ሻሽ ታስራለች፣ ብዙም አልከፋትም። የጾሙን ነገር ለነፍስ አባቷ ነግራ ፈቃድ ተሰጥቷታል። በዓቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይጠጡ መዋል መድኃኒቱን በኩላሊት በኩል እንዳይወጣ ያደርገዋልና ይህን ጉዳይ ከቄስም ከሐኪምም ጋር ሳይነጋገሩ በራስ መወሰን አይገባም። ተቅማጥና ትውከት ሰውነትን ሲያደርቅም እንዲሁ ነው፤ የዚያን ሳምንቱን ከመዋጥ በፊት ሐኪም ይጠየቃል።

የማይታየው ጉዳት ግን ከሚታየው ይከፋል። ጉበት ሲጎዳ አያምም። ነጭ የደም ሕዋስ ሲወርድ አይታወቅም። የሚያውቀው የደም ምርመራ ብቻ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ፣ ከዚያ በየ2 ወይም 3 ወሩ። በዚህ ምክንያት ጠላና አረቄ ክልክል ነው። ጠላ ጠምቀን ልጅ ያሳደግን ብዙ ነን፤ በደሃና ደግሞ ለዝክር የመጣችን ሴት «አትጠጪም?» ብሎ መጎትጎት ፍቅር ይመስለናል። ለእህታችን ብርዝ ቅዱላት።

ቤት ውስጥ ሆነን የምናውቀው ምልክትም አለ። የአፍ ቁስል፣ ያለ ምክንያት የሚበልዝ ቆዳ፣ ነስር፣ ደረቅ ሳልና ትንፋሽ ማጠር፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ ትኩሳት። ይህን መድኃኒት የምትወስድ ሴት አፏ ሲቆስል ምች አይባልም። ትኩሳት ሲይዛት ወባ ሊሆን ይችላል፤ ደሟ ለወባ ይታይ፣ ከተገኘም ትታከም። ግን ወባ ተገኘም አልተገኘም የደም ሕዋሷ ቁጥር በዚያው ቀን መታየት አለበት፤ የመከላከያ ኃይሏ በመድኃኒት ተዳክሟልና ተራ የሚመስል ልክፍት በአንድ ሌሊት ሊጥላት ይችላል።

ስለ ባክትሪም ለብቻው እንናገር። ለሳል፣ ለተቅማጥ፣ ለሽንት ቧንቧ እየተባለ በቀላሉ የሚገኝ መድኃኒት ነው፤ ትክክለኛ ስሙ ኮትሪሞክሳዞል ነው። እሱም እንደ ሜቶትሬክሴት የፎሌትን ሥራ ይዘጋል። ሁለቱ ሲገናኙ መቅኔን ሊያደርቁት ይችላሉ፤ በልክ የምትውጥ ሴት እንኳ በዚህ ትጎዳለች። ስለዚህ እህታችን የትም ሕክምና ስትሄድ መጀመሪያ የምትናገረው የሜቶትሬክሴትን ስም ነው። በካርቶን ጽፈን፣ በላስቲክ ለብጠን ሰጥተናታል። ዲክሎፌናክም ቢሆን ሳትጠይቅ ከሱቅ እየገዛች አትወስድም፤ ኩላሊትን ይጫናል።

ወጣት አባሎቻችን ደግሞ ይህን ስሙ። ሜቶትሬክሴት ጽንስን ያስወርዳል፣ ወይም አካሉ የጎደለ ልጅ እንዲወለድ ያደርጋል። የምትወስድ ሴት አስተማማኝ የእርግዝና መከላከያ መጠቀም አለባት። ልጅ ስትፈልግ አስቀድማ ለሐኪሟ ትናገራለች፤ ብዙውን ጊዜ ከማርገዝ 3 ወር በፊት እንዲቆም ይደረጋል። ይህን ባልም መስማት አለበት። «ልጅ አልወልድ አለችኝ» ብሎ ከመክሰስ በፊት።

በማኅበራችን እንዲህ ዓይነት መድኃኒት ያለበት ሌላም ቤት አለ። የአንዷ እናታችን ልጅ በኩላሊቱ ምክንያት መጀመሪያ ሳይክሎፎስፋማይድ በጉሉኮስ መልክ ተሰጥቶት ነበር፤ አሁን አዛታዮፕሪን በየቀኑ ይውጣል። የእሱ በየቀኑ መሆኑ ትክክል ነው፤ አታደናግሩት። ሳይክሎፎስፋማይድ ፊኛን ሊያደማ ስለሚችል ብዙ ውሃ ይጠጣበታል፤ ሽንት ቀይ ከሆነ ወዲያው ይነገራል። ወደፊት ልጅ የመውለድ ነገርንም ሊነካ ይችላልና ወጣት ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን መጠየቅ መብቱ ነው። አዛታዮፕሪን ደግሞ አሎፑሪኖል ከሚባለው የሪህ መድኃኒት ጋር ከተገናኘ ልክ እንደ ባክትሪሙ ታሪክ መቅኔን ይጎዳል። በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. የኩላሊት ንቅለ ተከላ ከተጀመረ ወዲህ የመከላከያ ኃይልን የሚያረግብ መድኃኒት ዕድሜ ልካቸውን የሚወስዱ ሰዎች በሀገራችን በዝተዋል። አንዳንዱ ወደ ገጠሩ ይመለሳል። ጎረቤታችን ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ክኒኑ ራሱ ከሁሉ ርካሹ ወጪ ነው። ሂሳቡን ስንሠራው የእህታችን ወጪ ትልቁ ድርሻ መኪና፣ ማደሪያና የደም ምርመራ ሆኖ አገኘነው። የጤና መድን አላት፤ መድኑ ግን የመኪናና የማደሪያ አይከፍልም። እስካሁን ለምርመራ በሄደች ቁጥር በብድር ነው የሄደችው። ብድሩ ሲከማችባት ደግሞ ባለፈው ክረምት አንድ ምርመራ ዘለለች፤ ሳትነግረን። እኛ ያወቅነው በመዝገቡ ላይ የብድር ጥያቄ ስላጣን ነው። ለዚያ ጊዜ በሰላም አለፈ።

ስለዚህ የሥራ አመራሩ አንድ ረቂቅ አቅርቧል። እንዲህ ዓይነት መድኃኒት የሚወስድ አባል ወይም የአባል ልጅ የደም ምርመራ መጓጓዣና ማደሪያው በብድር መሆኑ ቀርቶ ከማኅበራዊ ፈንዱ ይሸፈን የሚል ነው። ተቃውሞ እንዳለ ሰምተናል። ፈንዱ ለሐዘንና ለወሊድ ተብሎ በየሳምንቱ የምናዋጣው ነው፤ ለሁለት ቤት ብቻ እንዴት ይውላል የሚሉ እናቶች አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ገንዘቡ የእናንተ ነው። የሂሳብ ክፍሉ ማለት የሚችለው ይህን ነው፦ ለሁለቱ ቤት የአንድ ዓመት የምርመራ ጉዞ ተደምሮ ለእህታችን በዚያ ሌሊት ለመኪና፣ ለሆስፒታልና ለአስታማሚ ካወጣነው ያነሰ ነው። ሁለቱም ሂሳብ በሪፖርቱ የመጨረሻ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጧል፤ አይታችሁ ፍረዱ።

ደጋፊዎቻችንን የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። ለበጀት ዓመቱ የላካችሁት ገንዘብ «ለገቢ ማስገኛ ሥራ ብቻ» የሚል ውል አለው። ከዚያ ላይ ጥቂቱን ወደ ምርመራ ጉዞ ማዛወር እንድንችል በጽሑፍ ፍቀዱልን። ሳትፈቅዱ አንነካውም።

ረቂቁን አሁን ጸሐፊያችን ታነብባለች፤ እጅ የምታወጡት ከዚያ በኋላ ነው። እህታችንም መሀላችን ናት። ዛሬ እሑድ ነው፤ ቡናው እስኪቀርብ እየጠበቀች ነው።